ሎድ ባላንሰር ካስገባን በኋላ ሲስተሙ ለምን ባሰበት?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ የአውቶቡስ መቀመጫ በስልክ የሚያስይዝ መተግበሪያ ታስተዳድራለች። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ፣ ወልድያ፣ ላሊበላና ባቲ ለሚሄዱ አውቶቡሶች መቀመጫ እናስይዛለን። ባክኤንዱ (ከኋላ ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም) በኖድ ጄኤስ ነው የተሠራው፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ሁሉም ያለው አማዞን ክላውድ ላይ፣ ፍራንክፈርት ነው። ለግሸን ማርያም ጉዞ ሰው ሲበዛ አንዱ ሰርቨራችን አልቻለም፤ ቆመ። ከዚያ ሁለተኛ ሰርቨር ጨመርንና ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር አስገባን። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሰው ገብቶ እየተጠቀመ ሳለ ድንገት ‹እንደገና ግባ› ይለዋል። አልፎ አልፎ 502 የሚል የስህተት ቁጥር ይመጣል፤ ያውም ሰው በሌለበት ሰዓት። አስታዋሽ ኤስኤምኤስ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ተሸጠ። ስቲኪ ሴሽን ላብራ? ወይስ ሦስተኛ ሰርቨር ልጨምር?»

እህቴ፣ አብሽሪ። የዘረዘርሻቸው አራቱም ችግሮች የታወቁ ናቸው፤ ምክንያታቸውም ይገኛል። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎችሽ መልሱን ላስቀድም። ስቲኪ ሴሽን፣ ማለትም አንድን ሰው ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር የሚልከው ቅንብር፣ ለጥቂት ቀን ማስታገሻ ሊሆንሽ ይችላል፤ በሽታውን ግን አይነካውም። ሦስተኛ ሰርቨር ደግሞ አሁን እንዳትጨምሪ። አሁን ብትጨምሪ ሲስተሙ ጭራሽ ሊቆም ይችላል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ በቁጥር አሳይሻለሁ።

መጀመሪያ የነገሩን ሥር እንያዝ። የሎድ ባላንሰር ሥራ የመጣውን ጥያቄ ደህና ለሆነ ሰርቨር ማሳለፍ ነው። የአማዞኑ አፕሊኬሽን ሎድ ባላንሰር ቅንብሩን ካልነካሽው የሚያድለው በዙር ነው። አንዱን ለመጀመሪያው ሰርቨር ይሰጣል፣ ቀጣዩን ለሁለተኛው። የጠየቀው ሰው ማን እንደሆነ፣ ቀድሞ ምን እንደጠየቀ አያውቅም። ስለዚህ የአንድ ተሳፋሪ ሦስት ጥያቄዎች ሁለት ሰርቨር ላይ ተበታትነው ሊያርፉ ይችላሉ።

መናኸሪያ ውስጥ ሁለት የትኬት መስኮት አለ እንበል። ሁለቱም ለአንድ አውቶቡስ ይቆርጣሉ። ግን እያንዳንዱ ትኬት ቆራጭ የየራሱን ደብተር ይዟል፤ አንዱ የሌላውን አያይም። 14 ቁጥር ወንበር በሁለቱም ደብተር ላይ ባዶ ነው። ሁለቱም ይሸጡታል። አንቺ ጋ የሆነው ልክ ይሄው ነው። መስኮት መጨመር ሰልፉን ያሳጥራል፤ ደብተሩ አንድ ካልሆነ ግን ጠቡ ይበዛል።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት መሠራት ያለበት ይህ ነው፦ ሰርቨሮችሽ በራሳቸው ሜሞሪና ዲስክ ላይ የደንበኛ የሆነ ነገር እንዳይዙ ማድረግ። ማንኛቸውም በማንኛውም ደቂቃ ቢጠፉ የሚጎድል ነገር መኖር የለበትም። ሴሽን (ሰውየው መግባቱን የሚያስታውሰው መረጃ)፣ የተያዘ ወንበር፣ ተሳፋሪው የላከው የደረሰኝ ፎቶ፣ ሁሉም ውጭ ሊቀመጥ ይገባል። ይህ ካልተስተካከለ ሎድ ባላንሰሩ ላይ የምትነካኪው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ከወንበሩ እጀምራለሁ። ገንዘብ ያለበት፣ የሰው ጉዞም የተንጠለጠለበት እሱ ስለሆነ ነው። መስከረም 21ን ግሸን ላይ ለማክበር ተስሎ፣ ስንቁን ቋጥሮ የወጣ ሰው ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማግኘት የለበትም።

እንዲህ ያለ ስህተት የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው፣ እየተሸጡ ያሉትን ወንበሮች ዝርዝር በኖድ ሜሞሪ ውስጥ መያዝ ነው። ሰርቨሩ አንድ፣ ፕሮሰሱም አንድ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ሁለት ሲሆኑ ሁለት ዝርዝር ተፈጠረ ማለት ነው። ሁለተኛው በር የተደበቀ ነው። ኮዱ መጀመሪያ ዳታቤዙን «ይህ ወንበር ባዶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ሲባል «ተሸጧል» ብሎ ይጽፋል። በጥያቄውና በጽሕፈቱ መካከል ጥቂት ሚሊሰከንድ አለ። በዚያች ክፍተት ሌላኛው ሰርቨርም ጠይቆ «ባዶ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ሰው ጥቂት ሲሆን ክፍተቷ አትታይም። ለበዓል ሁሉም እኩል ሲገባ ግን ትታያለች።

መፍትሔው ማጣራቱንና መያዙን አንድ ድርጊት ማድረግ ነው። ጉዞው ለሽያጭ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ ረድፍ ዳታቤዙ ውስጥ ፍጠሪ። በጉዞና በወንበር ቁጥር ጥምር ላይ የዩኒክ ገደብ (አንድ ጥምር ሁለቴ እንዳይጻፍ የሚከለክል) ይኑርበት። ሰው ወንበር ሲመርጥ አንድ የአፕዴት ትእዛዝ ብቻ ላኪ። ትእዛዙ «ይህ ወንበር ባዶ ከሆነ፣ ወይም የቀድሞ ይዞታው ጊዜ ካለፈበት፣ በዚህ ሰው ስም ያዘው» ይበል። ከዚያ ስንት ረድፍ እንደተለወጠ እዪ። 1 ከሆነ ወንበሩ የእሱ ነው። 0 ከሆነ ሌላ ሰው ቀድሟል፤ «ይቅርታ፣ ይህ ወንበር አሁን ተይዟል» በይው። ሁለት ሰርቨር በአንድ ቅጽበት ቢልኩ እንኳ ፖስትግሬስ ረድፉን ቆልፎ አንዱን ያስቀድማል። ዳኛው ዳታቤዙ ነው፤ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ መነጋገር አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አትርሺ። የይዞታው ማብቂያ ሰዓት የሚሰላው በዳታቤዙ ሰዓት ይሁን። የሁለት ሰርቨር ሰዓት ሊለያይ ይችላል። አንዱ ጥቂት ሰከንድ ከቀደመ ገና ያላለቀውን ይዞታ «አልቋል» ብሎ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

ክፍያውም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክፍያ ድርጅቶች «ተከፍሏል» የሚለውን መልእክት ደግመው ሊልኩ ይችላሉ። መልስ ካልደረሳቸው መድገማቸው ትክክል ነው። ያንቺ ድርሻ ሁለተኛውን ማወቅ ነው። የክፍያ መለያ ቁጥሩ ላይ የዩኒክ ገደብ አድርጊበት። ሲደገም «ደርሶኛል» ብለሽ መልሺ፤ ሌላ ምንም አትሥሪ። ስልኩ ላይም እንዲሁ ነው። መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሰው «ያዝ» የሚለውን ደጋግሞ ይጫናል። መተግበሪያው ለአንድ ማስያዝ አንድ መለያ ቁጥር ይፍጠርና በእያንዳንዱ ሙከራ እሱኑ ይላክ። ባክኤንዱ ያንን ቁጥር ቀድሞ ካየው የድሮውን መልስ ይመልሳል። የይዞታው ጊዜ ደግሞ ክፍያው ከሚወስደው ጊዜ ሰፋ ይበል። ሰው ገንዘብ እያስተላለፈ ሳለ ወንበሩ ካመለጠው ተመላሽ ክፍያ ውስጥ ትገቢያለሽ። ለጥሪ ተቀባዮችሽም ለተሳፋሪውም እሱ ከባድ ነው።

ሴሽኑ ከዚህ ይቀልላል። በኤክስፕረስ ሴሽን ላይብረሪ የምትሠሪ ከሆነ ሌላ ማስቀመጫ ካልሰጠሽው ሴሽኑን የሚይዘው በራሱ ሜሞሪ ነው። የላይብረሪው ሰነድ ራሱ ይህ ማስቀመጫ ለፕሮዳክሽን እንዳልታሰበ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ሬዲስ (ሰርቨሮቹ የሚጋሩት ፈጣን የመረጃ ማስቀመጫ) አስገቢና ሴሽኑን ወደዚያ አዛውሪ። ሁለቱም ሰርቨሮች ከአንድ ሬዲስ ያንብቡ። ሌላው ሰው የሚረሳው ሚስጥራዊ ቁልፉን ነው። ኩኪ ወይም ቶክን (ስልኩ ማንነቱን ለማሳየት የሚልከው ምልክት) የሚፈረምበት ቁልፍ በሁለቱም ሰርቨር ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር አዲስ ቁልፍ የሚፈጥር ኮድ ካለ አንዱ የፈረመውን ሌላው አይቀበልም። ሬዲስ ብታስገቢም «እንደገና ግባ» ማለቱ ይቀጥላል።

አሁን ስለ ስቲኪ ሴሽን። ሬዲሱን እስክታስገቢ ድረስ በኩኪ የሚሠራውን ማብራት ትችያለሽ። በአይፒ አድራሻ የሚሠራውን ግን አትንኪው። በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች ከቴሌኮሙ በኩል አንድ የውጭ አድራሻ ተጋርተው ነው የሚወጡት። ኤንጂንኤክስ በሚባለው ሎድ ባላንሰር ውስጥ ያለው አይፒ ሀሽ (በአድራሻ የሚያድለው ቅንብር) ደግሞ ከአድራሻው የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ብቻ ነው። ተሳፋሪዎችሽ አብዛኞቹ በስልክ ስለሚገቡ ጭነቱ በሙሉ አንድ ሰርቨር ላይ ሊከመር ይችላል። ሌላው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በኩኪ የሚሠራውም ቢሆን ሰርቨሩ ሲሞት የእሱን ሰዎች ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ሬዲሱ ሲገባ ስቲኪ ሴሽኑን አጥፊው።

ይህ የአይፒ ጉዳይ ሌላም ቦታ ይነካሻል። ሎድ ባላንሰር ከፊት ሲቆም ሰርቨርሽ የሚያየው የሎድ ባላንሰሩን አድራሻ ነው። «ከአንድ አድራሻ በደቂቃ ይህን ያህል ጥያቄ ብቻ» የሚል ገደብ ካለሽ ሁሉንም ሰው እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ ይዘጋል። ትክክለኛው አድራሻ ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር በሚባለው ሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚመጣ ተጨማሪ መረጃ) ይመጣል። ከዝርዝሩ የቀኝ ጫፉን፣ ሎድ ባላንሰሩ ራሱ የጨመረውን ውሰጂ። የግራውን ማንም ሰው የፈለገውን ጽፎ ሊልክ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ገደቡን በአድራሻ አታጥብቂው። በስልክ ቁጥር ወይም በአካውንት ይሁን። አለዚያ አንድ አድራሻ የተጋሩ ብዙ ተሳፋሪዎችን በአንዴ ትዘጊያለሽ።

ወደ 502 እንምጣ። ሰው በሌለበት ሰዓት መምጣቱን በመጻፍሽ ደስ ብሎኛል፤ ፍንጩ እዚያ ላይ ነው። ሎድ ባላንሰሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት አይከፍትም። የከፈተውን ያቆይና ደጋግሞ ይጠቀምበታል። የአማዞኑ ካልነካሽው ዝም ያለ ግንኙነት 60 ሰከንድ ያቆያል። ኖድ ግን በብዙዎቹ ስሪቶቹ 5 ሰከንድ ብቻ ጠብቆ ይዘጋል። አየሽ? ሎድ ባላንሰሩ ግንኙነቱ አለ ብሎ ጥያቄ ይልካል። በዚያው ቅጽበት ኖድ እየዘጋው ነው። መልስ የለም፤ ተሳፋሪው 502 ያያል። ሥራ ሲበዛ ግንኙነቱ 5 ሰከንድ ዝም የሚልበት ጊዜ ስለሌለ ችግሩ አይታይም። ሌሊትና ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ ነው ብቅ የሚለው። ሰዎች ይህን ባለማወቅ ሰርቨር ያሳድጋሉ፤ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ሕጉ ቀላል ነው፦ ከኋላ ያለው ከፊት ካለው ረዘም አድርጎ ይጠብቅ። የኖዱን ኪፕ አላይቭ ታይምአውት (ዝም ያለ ግንኙነት የሚያቆይበትን ጊዜ) 65 ሰከንድ አድርጊ። ሄደርስ ታይምአውቱን (የጥያቄውን ሄደር የሚጠብቅበትን ጊዜ) ከዚያ ጥቂት ከፍ አድርገሽ 66 ስጪው። በሚሊሰከንድ እንደሚጻፍ አትርሺ፤ 65000 ነው። ሁለት መስመር ኮድ ናት።

ከዚያ በኋላም ስህተት ካለ የሎድ ባላንሰሩን ሎግ አብሪና አንብቢ። ሎጉ ውስጥ ሁለት የሁኔታ ቁጥር አለ፤ አንዱ ሎድ ባላንሰሩ ለተሳፋሪው የመለሰው፣ አንዱ ሰርቨርሽ የመለሰው። የሰርቨሩ ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ካየሽ ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ሁለቱም ቦታ 500 ካለ ጥፋቱ ከኮድሽ ነው። 504 ከሆነ ሰርቨሩ ዘግይቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዝ እየጠበቀ ነው። ሳይነበብ የሚደረግ ጥገና ግምት ነው።

ኤስኤምኤሱን በአጭሩ ልለፈው። ሁለቱም ሰርቨር ላይ አንድ ዓይነት ኮድ አለ፤ አንድ ዓይነት ክሮን ጆብም (በሰዓቱ ራሱ የሚነሣ ሥራ) አብሮ አለ። ሁለቱም በሰዓቱ ተነሥተው ይልካሉ። ክሮኑን ከዌብ ሰርቨሮቹ አውጥተሽ ለብቻው አንድ ትንሽ ዎርከር (ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ላይ አድርጊው። ለላክሽው እያንዳንዱ መልእክትም ረድፍ ያዢ። በትኬትና በመልእክት ዓይነት ዩኒክ ይሁን፤ ዎርከሩ ሳይታሰብ ሁለት ቢሆን እንኳ ሁለት ጊዜ አይሄድም። ሰዓቱንም ደግመሽ አጣሪ። የክላውድ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) ነው። የእኛ የጠዋቱ 2 ሰዓት በዩቲሲ 5 ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ብለሽ ካስገባሽው አስታዋሹ በእኛ 5 ሰዓት ጠዋት ላይ ይደርሳል፤ አውቶቡሱ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

እነዚህ አራቱ ከተስተካከሉ በኋላ ነው ስለ ሎድ ባላንሰሩ ቅንብር መነጋገር የሚያዋጣው።

ሄልዝ ቼኩን እንይ። ሎድ ባላንሰሩ ሰርቨሩ ደህና መሆኑን የሚያውቀው አንድ አድራሻ በየጊዜው እየጠራ ነው። የአማዞኑ ካልተነካ በየ30 ሰከንዱ ይጠራል፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልተመለሰለት ከሰልፍ ያወጣዋል። የሞተ ሰርቨር እስከ አንድ ደቂቃ ገደማ ሰው ሊላክለት ይችላል ማለት ነው። ትኬት በሚሸጥበት ሰዓት ይህ ብዙ ነው። ወደ 10 ሰከንድ አውርጂው። ለመመለሻውም 5 ተከታታይ ስኬት ይጠብቃል፤ 2 ይበቃል።

ዋናው ነገር ግን አድራሻው ምን ያጣራል የሚለው ነው። መነሻ ገጹን አትስጪው፤ ከባድ ነው። ዳታቤዙን የሚጠይቅ አድራሻም አትስጪው። ብዙ ሰው ይህን ጥንቃቄ ይመስለዋል። አስቢው፦ በበዓል ቀን ዳታቤዙ ጥቂት ሰከንድ ዘገየ። ሁለቱም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ሄልዝ ቼኩን ወደቁ። ሁለቱም ታማሚ ተባሉ፤ ግን አንዳቸውም አልታመሙም። ኦቶስኬሊንግ (ሰርቨር ራሱ የሚጨምርና የሚቀንስ አገልግሎት) ካለሽ ደግሞ ደህናዎቹን ሰርቨሮች አጥፍቶ አዲስ ያስነሣል። አዲሶቹ ሲነሡ ዳታቤዙ ላይ ግንኙነት ያግተለትላሉ፤ የዘገየው ይብስ ይዘገያል። ስለዚህ ለሎድ ባላንሰሩ «ፕሮሰሱ አለ፣ ጥያቄ እየተቀበለ ነው» የሚል ቀላል መልስ ስጪው። የዳታቤዙን ጤና በሌላ አድራሻ አድርጊና ማንቂያው ወደ ስልክሽ ይምጣ።

ኮድ ስታድሺም ሰርቨሩን በድንገት አትግደይው። ሎድ ባላንሰሩ የሚያወጣውን ሰርቨር የጀመረውን እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። ካልነካሽው እስከ 300 ሰከንድ ነው። ያንቺ ጥያቄዎች አጫጭር ስለሆኑ 60 ይበቃል። ኖዱም ሲግተርም (ዝጋ የሚለው ምልክት) ሲደርሰው አዲስ መቀበል ያቁም፣ የያዘውን ይጨርስ፣ ከዚያ ይውጣ። በዚህ መንገድ አንዱን ከዚያም ሌላውን እያደስሽ ተሳፋሪው ምንም ሳያውቅ ማለፍ ትችያለሽ።

የሰርቨሮቹ በር ክፍት እንዳይሆንም አረጋግጪ። የሴኪዩሪቲ ግሩፑ (የአማዞን የመግቢያ ሕግ) ጥያቄ የሚቀበለው ከሎድ ባላንሰሩ ብቻ ይሁን። ኤችቲቲፒኤሱ (የመስመሩ ምስጠራ) ሎድ ባላንሰሩ ላይ ያብቃ፤ ሰርተፍኬት በየሰርቨሩ ማደስ ይቀርልሻል። ደግሞ ቲኤልኤስ 1.3 (ኤችቲቲፒኤስ የሚመሰጥርበትን አዲሱን ስሪት) ክፈቺ። ከደሴ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር አያንስም። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለአንድ ደርሶ መልስ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይጠፋል፤ ኬብሉ ዞሮ ስለሚሄድ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። ቲኤልኤስ 1.2 ግንኙነት ሲጀምር ሁለት ደርሶ መልስ ይፈልጋል፤ 1.3 አንድ። ኬፕታውን ያለው የአማዞን ማእከል አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ይቀርባል ብለሽ አትቸኩይ። በአየር ርቀቱ ከፍራንክፈርት ብዙም አይለይም። ወሳኙ ኬብሉ የሚሄድበት መንገድ ነው። ከመዛወርሽ በፊት ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ በተሳፋሪዎችሽ ስልክ መስመር፣ ሁለቱን ለክተሽ አወዳድሪ።

ራስሽ በኤንጂንኤክስ ወይም በኤችኤፕሮክሲ ሎድ ባላንሰር ሠርተሽ ዶላር ለመቆጠብ ታስቢ ይሆናል። ሁለቱም እጅግ ጥሩ ናቸው፤ ለዓመታት የተፈተኑ ናቸው። ነገር ግን አንድ ትንሽ ማሽን ላይ ካስገባሽው እሱ ሲሞት ሁለቱም ሰርቨሮችሽ አብረው ጠፉ ማለት ነው። ሁለት አድርጎ አድራሻውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ግን ሌሊት ተነሥቶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ለሁለትና ለሦስት ሰው ቡድን የክላውዱን ሎድ ባላንሰር እመርጣለሁ። ኤንጂንኤክስ ከመረጥሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከ1.9.13 ስሪት ጀምሮ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅበት የፖስት ጥያቄን (እንደ ማስያዝ ያለ መረጃ የሚልክ) ለሌላው ደግሞ አይልክም። ይህ ለአንቺ ጥቅም ነው። እንዲደግም የሚያደርገውን ቅንብር አታብሪው። ማስያዙ ከመጀመሪያው ሰርቨር አልፎ ዳታቤዝ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ሦስተኛው ሰርቨር ቃል የገባሁትን ልንገርሽ። ፖስትግሬስን ራስሽ ጭነሽ ካልነካሽው የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። ከእነዚህ 3ቱ ለአስተዳዳሪ የተቀመጡ ናቸው፤ ለአፕሊኬሽን 97 ይቀራል። በአንድ ሰርቨር ላይ 4 የኖድ ፕሮሰስ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ 10 ግንኙነት ይይዛል። አንድ ሰርቨር 40፣ ሁለት ሰርቨር 80 ነው። ዎርከሩን ጨምረሽም ይበቃል። ሦስተኛው ሲገባ 120 ሆነ። ያን ጊዜ ዳታቤዙ «ደንበኛ በዝቷል» ብሎ እንቢ ማለት ይጀምራል። የሚመልሰው ደግሞ ሦስተኛውን ብቻ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ግንኙነት የጠየቀውን ሁሉ ነው። ለዚህ ነው ሰርቨር ጨምረው ሲስተሙ የሚቆምባቸው ሰዎች ያሉት። የአማዞኑ የራሱ የዳታቤዝ አገልግሎት ላይ ከሆንሽ ቁጥሩ በማሽኑ ሜሞሪ ልክ ይለያያል፤ ከፍተሽ እዪው። ከዚያ በመካከል ፒጂባውንሰር አስገቢ። ብዙ የአፕሊኬሽን ግንኙነቶችን በጥቂት የዳታቤዝ ግንኙነቶች ላይ ያስተናግዳል። በትራንዛክሽን ሞድ (ግንኙነቱ ለአንድ ትራንዛክሽን ብቻ በሚያዝበት) አሠሪው።

ከመጨመርሽ በፊት ያሉሽን ሁለቱን ደግሞ በደንብ አስሊ። ሁለቱም በጫና ሰዓት 70 ፐርሰንት ሲፒዩ ላይ ከሆኑ ጥሩ የሚመስል ቁጥር ነው። አንዱ ሲወድቅ ግን የቀረው 140 ፐርሰንት ሊሸከም ነው። አይችልም፤ ተከትሎት ይወድቃል። ሁለት ሰርቨር ይዘሽ «አንዱ ቢሞት አንዱ አለ» ለማለት እያንዳንዳቸው በጫና ሰዓት ከ50 ፐርሰንት በታች መሆን አለባቸው። እኔ 40 ላይ አቆማለሁ። ሦስት ሲሆኑ እስከ 60 መድረስ ትችያለሽ። ሁለቱ ሰርቨሮች በሁለት የተለያዩ አቬይለቢሊቲ ዞን (የተለያየ የዳታ ማእከል) ይቀመጡ፤ ፍራንክፈርት ሦስት ዞን አለው። ዳታቤዙም በሌላ ዞን ተጠባባቂ ይኑረው። ሰርቨሩን ሁለት አድርጎ ዳታቤዙን አንድ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

የእኛ አገር ጫና ደግሞ ጥሩ ጠባይ አለው፤ አስቀድሞ ይታወቃል። የግሸን ጉዞ ለመስከረም 21 ነው። ለገና የላሊበላ መንገድ ይጨናነቃል። ለአረፋ የወሎ ልጅ ከያለበት ወደ ቤቱ ይመጣል። ባቲም ሰኞ ሰኞ ገበያ ነው፤ እሁድ ማታ ላይ ፍለጋው ይጨምራል። ኦቶስኬሊንግ ሲፒዩን አይቶ ነው የሚነሣው። ሰርቨር አስነሥቶ፣ ኮዱን አውርዶ፣ ሄልዝ ቼክ አልፎ ሥራ እስኪጀምር ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ሽያጭ ሲከፈት ግን ሁሉም የሚገባው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ስለዚህ በቀን ቆጥረሽ በፕሮግራም አሳድጊው። ሽያጩ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት በፊት ሰርቨሮቹ ተነሥተው ይጠብቁ። አረፋ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፤ ቀኑን በእጅሽ አስገቢ።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። ዛሬ የኪፕ አላይቩን ሁለት መስመር አስተካክዪ፤ ክሮኑንም ከአንዱ ሰርቨር ላይ አጥፊ። በዚህ ሳምንት የወንበሩን አፕዴትና የክፍያውን የዩኒክ ገደብ ጨርሺ። ቀጥሎ ሬዲሱ። ከዚያ ሄልዝ ቼኩና ፒጂባውንሰሩ። ነሐሴ ላይ የጭነት ሙከራ አድርጊ። ኬ6 የሚባለው መሣሪያ ነፃ ነው። ከሌላ ማሽን አስነሥተሽ፣ ለሙከራ በተለየ ዳታቤዝ ላይ፣ ብዙ ሰው አንድ ወንበር እንዲሻማ አድርጊ። ሙከራው እየሄደ ሳለ አንዱን ሰርቨር አጥፊው። ሦስት ነገር ተመልከቺ፦ አንድም ወንበር ሁለት ጊዜ እንዳልተሸጠ፣ ማንም ከአካውንቱ እንዳልወጣ፣ የቀረው ሰርቨር ሲፒዩ የት እንደደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካለፉና ሲፒዩው ከ80 በላይ ከወጣ፣ ሦስተኛውን ሰርቨር ያን ጊዜ ጨምሪ።